ወፍ ጠባቂው አቶ መኳንንት

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ ሂውስተን ከክርስትና ጥሪ ስመለስ፣ የወንድሜ ልጅ የናሆም መኪና አውራ ጎዳናው ላይ ሞተሯ ጋለና ቀጥ አለች። እንደ ምንም ገፍተን ከመንገድ ዳር ማረፊያው አስገባናት። ናሆም መኪና ጎታች ጠርቶ ሲጠብቅ፣ እኔ ጥላ ፍለጋ ወደ ዛፎቹ ሳመራ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ልጅ የመኪናዋን ኮፈን ተደግፋ ስታለቅስ አየሁ።

ቀረብ ስል አወቅኋት። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ሩሐማ ናት፤ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ስለ አራዊትና አዕዋፍ የምትማረው። ከመኪናው ውስጥ አያቷ አቶ መኳንንት ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው፣ ፊት ለፊት አፍጥጠው ተቀምጠዋል።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አልኳት።

«ሰው አይደለም፣ እማማ የትምወርቅ» አለች ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች። «ግን ሞተዋል። የሥራ ጓደኞቼ አሁን ኮል አድርገው ነገሩኝ። ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ። አባባ ናቸው የገደሏቸው።»

አቶ መኳንንት በተከፈተው መስኮት ሰሙ።

«አልገደልኩም! የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት!»

እኔም ሆንኩ እነሱ ቤታችን ግራንድ ፕሬሪ ነውና፣ ናሆምን ከመኪናው ጋር ትቼ ከእነሱ ጋር ተሳፈርኩ። እንደ እውነቱ ከሆነ መሳፈሬ ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ነበር። ሁለቱን በዚያ ሁኔታ ብቻቸውን ሦስት ሰዓት መንገድ መልቀቅ አልሆነልኝም።

አቶ መኳንንት ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በዳሞት አገር ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ካመጣቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸው መጋዘን፣ ምራታቸው አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራሉ፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ጋር ናቸው። ሩሐማ በየሳምንቱ መጨረሻ አምስት ሰዓት እየነዳች ከጋልቨስተን ወዲያ ወዳለው ባሕር ዳር በበጎ ፈቃድ ሥራ ትወርዳለች። አያቷ እንዲናፈሱ ብላ ነው ይዛቸው የሄደችው።

«እስቲ ከሥሩ ይንገሩኝ፣ አቶ መኳንንት» አልኳቸው መንገዱን እንደ ጀመርን።

«ምን ልንገርዎ! ይቺ ልጅ ‹አባባ፣ እኔ ባሕር ዳር ወፍ ጠባቂ ነኝ፤ ይምጡና አብረን እንጠብቅ› አለችኝ። ደስ አለኝ። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ በማውቀው ሥራ የጠራኝ ሰው የለም። በወፍ ጥበቃ ማን ይበልጠኛል? የሦስት ጎረቤት ማሽላ ብቻዬን ጠብቄ አውቃለሁ። ልጆቼ ለእግር ጉዞ ብለው ከገዙልኝ ሱሪ ገመዱን መዝዤ ወንጭፍ ሠራሁ።»

«ለዚህ ነው ሱሪዎ ሲወርድ የዋለው» አለች ሩሐማ፤ ግን አልሳቀችም።

«ዝም በይ፣ ልጨርስ። እንደሷ ያለ ቢጫ ሰደርያ አለበሰችኝ። ገመድ የተወጠረበት ጥግ ላይ አቁማ ‹ማንም እንዳይጠጋ፣ በደንብ ይጠብቁ› ብላኝ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደች። ወፉ ጢም ብሏል። ሲነሣ በወንጭፍ፣ ሲያርፍ በጩኸት አጣደፍኩት። እንዲያውም አንዷ ክንፏ የተሰበረ መስላ ከፊቴ እየተጎተተች ትወድቃለች፤ ስከተላት ብድግ ብላ ትበራለች። ተንኮለኛ!»

«ተንኮል አይደለም፣ አባባ። ከእንቁላሎቿ ልታርቅዎት ነው።»

«እኔ በምን ልወቅ? ብቻ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ወፍ አላስጠጋሁም! ስትመጣ ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።»

ሳቄ መጣ። የልጅቱን ፊት በመስተዋቱ ሳይ ግን ሳቄን ተውኩት።

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ነገሩን ልብ በሉልኝ። በእኛ አገር ወፍ ጠባቂ ማለት አዝመራውን ከወፍ የሚጠብቅ ሰው ነው። ማማ ላይ ይወጣል፣ ይጮኻል፣ ይወነጭፋል። ሩሐማ በስድስት ዓመቷ የመጣች ልጅ ናት። ሥራዋን ከእንግሊዝኛው ስትመልሰው ወፎቹን ከሰው የምጠብቅ ማለቷ ነበር። ቃሉ አንድ ሆኖ ሥራው ግን ተቃራኒ ነው። አንዳቸውም ሌላውን አላታለሉም፤ በአንዲት ቃል ግራና ቀኝ ቆመው የተግባቡ መሰላቸው።

«ግን አቶ መኳንንት፣ የሚጠበቀው እህል የት አለ ብለው አልጠየቁም?»

«ገርሞኛል እንጂ! የአሜሪካን ነገር ያውቁታል። ጭቃው ውስጥ የዘሩት ነገር ይኖራል ብዬ ተውኩት።»

ሩሐማ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። «ማለቴ፣ የኔም ጥፋት አለ። ላስረዳዎት ይገባኝ ነበር። እነዚህ ወፎች እህል አይበሉም፣ አባባ። እንደ ሌላው ወፍ በሣር ጎጆ አይሠሩም። ጎጆ የምንለው፣ አሸዋውን በደረታቸው ጫር ጫር አድርገው እንቁላል የሚጥሉበትን ነው። እናቲቱ እንቁላሎቹ ላይ የምትቀመጠው ለማሞቅ ብቻ አይደለም፤ ቀን ቀን ጥላ ትሆናቸዋለች። በዚያ ፀሐይ እሷ ከተነሣች እንቁላሎቹ ባሉበት ይበስላሉ። ከፀሐይ የተረፈውን ደግሞ ሌሎች የባሕር ወፎች መጥተው በሉት።»

አቶ መኳንንት እጃቸውን ከሆዳቸው ላይ ሳያነሡ መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

«ወፍ እንደሁ ይፈለፈላል» አሉ። «በሚመጣው ዓመት ሌላ ይጥላል። ደግሞም ቦታው ምንድን ነው? ጭቃ! አይታረስ፣ ቤት አይሠራበት፣ ይገማል። ይህ ሁሉ ለቅሶ ለረግረግ ነው?»

«ለረግረግ ነው!» አለች ሩሐማ መሪውን በእጇ መታ አድርጋ። «ሶ፣ ያ የሚገማው ጭቃ ውስጥ በአንድ እፍኝ ብዙ ትላትልና ትንንሽ ቀንድ አውጣ አለ። ከአርጀንቲና ተነሥታ ሰሜን በረዶው አገር ድረስ የምትበር ወፍ አለች፤ ክብደቷ ከአንድ የዶሮ እንቁላል አይበልጥም። እዚያ ጭቃ ላይ ስታርፍ አጥንትና ላባ ብቻ ሆና ነው። ሁለት ሳምንት በልታ ስብ ካልያዘች የሚቀጥለውን መንገድ አትጨርስም። ዛሬ ከአጠገብዎ ያስነሷቸው ሁሉ እንቁላል የጣሉት አይደሉም፤ ብዙዎቹ እንግዶች ነበሩ። በተነሡ ቁጥር ያንን ስብ ይጨርሳሉ። ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ፣ ማንም በማያይበት፣ ይወድቃሉ። አያቶቻቸው ሦስት ከነበሩ ዛሬ የቀሩት ሁለት አይሞሉም።»

እኔ የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ነው። ስለ ወፍ ምንም አላውቅም። ነገር ግን ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ አሥራ ሁለት ዓመት ዊልቸር ገፍቻለሁና፣ የመንገደኛ ነገር ይገባኛል።

«አቶ መኳንንት፣ መጀመሪያ የመጡ ዕለት እንዴት ነበሩ?» አልኳቸው።

«አያንሡብኝ! አሥራ ሰባት ሰዓት በረን ወረድን። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባ ብሎኛል። ልቀመጥ ስል ‹በሩ ተቀይሯል፣ ተነሡ›፤ ልቀመጥ ስል ‹ተነሡ›። ሦስተኛው ላይ ወደቅሁ። ነፍሴን ሳውቅ አንዲት ሴት ውሃ እያጠጣችኝ ነበር።»

«እንግዲህ ይፍረዱ» አልኳቸው። «የዛሬዎቹ መንገደኞች ስንት ጊዜ ነው ‹ተነሡ› የተባሉት?»

ፊታቸው ጠቆረ። ሩሐማ ስትነዳ ግራና ቀኝ የጥድ ዛፉ እየሳሳ ሜዳው ተገለጠ።

እንደዚህ ሆነን ብዙ ከሄድን በኋላ ሩሐማ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «አምስቱ ጎጆዎች ቀርተዋል፤ አሁን ሥራው እነሱን ማትረፍ ነው» ስትል፣ አቶ መኳንንት ወደ እሷ ዞሩ።

«ቅዳሜስ?» አሉ።

«ቅዳሜ ምን አለ?»

«እድሩ። ለሸምሱ ነግሬዋለሁ።»

ሸምሱ የእድራችን ሰብሳቢ ነው። በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ከነቤተሰባችን አንድ ቦታ ወጥተን እንውላለን። የዚያን ዓመት ቦታውን የመረጡት አቶ መኳንንት መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ያወቅነው። ከወር በፊት፣ ወፎቹ ገና ሳይጥሉ፣ ሩሐማ ባሕሩን ብቻ ልታሳያቸው ስትወስዳቸው፣ መኪና ውሃው ድረስ የሚገባበት፣ ጠንካራ፣ ሰፊ፣ ሰው የሌለበት ሜዳ ሆኖ አግኝተውት ኖሯል። ሠላሳ መኪና ተመዝግቧል። ከሰማንያ ሰው በላይ።

ሩሐማ መኪናዋን ከመንገድ አውጥታ የነዳጅ ማደያ ዳር ፓርክ አደረገች።

«አባባ፣ ያ ሜዳ የሚበሉበት ነው። አምስቱ ጎጆዎች ከዳሩ ናቸው። ሠላሳ መኪና ከገባ፣ ኳስ ከተጫወቱ፣ ጄኔሬተርና ስፒከር ከመጣ፣ አንድም አይተርፍም!»

«ገመድ አለ አይደል? ገመዱን አያልፉም።»

«ገመዱ ልመና ነው እንጂ አጥር አይደለም! ከገመዱ ውጭ መኪና መንዳት አልተከለከለም። ሰው ራሱ ካልተወው በቀር ማንም አያስቀረውም። ይደውሉና ቦታ ይቀየር ይበሏቸው።»

«ምን ብዬ?» አቶ መኳንንት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እዚህ አገር ከመጣሁ ሰው ምክር የጠየቀኝ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ይህ ነው። ‹ጋሼ መኳንንት የመረጡት ቦታ› እየተባለ ነው። አሁን ደውዬ ወፍ አለ ልበል? ሽማግሌው አእምሮው ተነካ ይበሉኝ?»

«ስምዎ ነው እንግዲህ የሚያሳስብዎት?»

«ስም ቀላል ነገር መሰለሽ? እዚህ አገር ሌላ ምን አለኝ?»

እኔም አልፈረድኩባቸውም። መሬቱን፣ በሬውን፣ ጎረቤቱን ትቶ ለመጣ ሰው፣ መደመጥ ምን ያህል እንደሚያጠግብ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ አቶ መኳንንት ቀስ ብለው እጃቸውን ከሸሚዛቸው ውስጥ አወጡ። መሐረብ ነበር። ሲገልጡት ነጠብጣብ ያለባት፣ አሸዋ የመሰለች አንዲት እንቁላል።

«ይቺን አድኛታለሁ» አሉ። «አንቺ ስታለቅሺ ከአሸዋው ላይ አንሥቼ ከሆዴ ጋር አስጠጋኋት። አራት ሰዓት ሙሉ አልቀዘቀዘችም።»

አያችሁ? አፋቸው ሲከራከር እጃቸው ያጠፋውን ሊመልስ እየታገለ ነበር።

«አባባ!» አለች ሩሐማ ደንግጣ። «እንቁላል ማንሣት እኮ በሕግ ክልክል ነው! ሪፖርት ማድረግ አለብኝ።» ግን ተቀበለቻቸው። ውስጧ ይንቀሳቀስ እንደሁ ለማየት የስልኳን መብራት አብርታ እንቁላሏን ከላዩ ላይ አስቀመጠች፤ በጃኬቷም ጋረደቻት። ሦስታችንም አጎነበስን። ውስጧ ጥቁር ነገር ነበር። ጠበቅን። አልተንቀሳቀሰም።

«ሞታለች» አለች ሩሐማ። «እርስዎ ሳያነሷት በፊት ነው የሞተችው።»

«ልያት።»

«ይተዉት፣ አባባ።»

«ልያት አልኩሽ።»

በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቅርፊቱን ሰበሩት። ከውስጥ የወጣችው ሙሉ ወፍ ነበረች። ላባ አላት። እግሮቿ እንደ ስንደዶ ረዛዝመው ታጥፈዋል። ቅርፊቱን የምትሰብርበት ነጭ ነቁጥ አፏ ጫፍ ላይ በቅሏል። ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነበር የቀራት። ገላዋ የተቀቀለ ሥጋ መስሎ ነጥቷል።

አቶ መኳንንት መሐረቡን መልሰው አጠፉት። ከዚያ ማናችንም ያልጠበቅነውን ነገሩን።

«ከመንደራችን በታች ጨፌ ነበረ» አሉ። «በደርግ ጊዜ ‹ይህ ጠፍ መሬት ነው፣ ቦይ ቆፍራችሁ አድርቁት› ተባልን። እኔ የቡድን መሪ ነበርኩ። ሁለት በጋ ቆፈርን። ደረቀ፤ ጤፍ ዘራንበት፤ ተጨበጨበልኝ። በሦስተኛው ዓመት ከሥሩ ያለው ምንጭ ነጠፈ። ሴቶቹ ለውሃ ግማሽ ቀን መሄድ ጀመሩ። ከክረምት በቀር ውሃ የምናገኝበት ጠፋ። ስምንት ቤት ነቅሎ ሄደ። አንዲት ነፍሰ ጡር ቁልቁለቱ ላይ እንስራ እንዳዘለች ወድቃ ሞተች። የወንድሜ ሚስት ናት። ‹እግዜር ያመጣው ድርቅ ነው› አልኩ። ሁሉም እንደዚያ አለ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጨፌው ውሃውን ይዞልን ኖሯል። ጭቃ ነው ብዬ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

«ለሰው ተናግረው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።» ወደ ሩሐማ ዞሩ። «ያ ረግረግም እንደዚያ ነው?»

«እንደዚያ ነው፣ አባባ። ማዕበል ሲመጣ ውሃውን ይውጣል፣ ንፋሱን ያደክማል። ረግረጉ በአፈር ተደልድሎ ሲጠፋ ባሕሩ ቀጥታ ሰው ቤት ይገባል። ዓሣው የሚያድገው እዚያ ነው። ወፎቹ ከጠፉ ጭቃው መሞት ጀምሯል ማለት ነው። መጀመሪያ እነሱ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሌላው ይከተላል።»

«ስልኩን አምጪ» አሉ።

ድምፁን ለሁላችን ከፍታ ደወለችላቸው።

«ጋሼ መኳንንት! እንዴት ዋሉ?» አለ ሸምሱ። «ቅዳሜ እኮ ደረሰ፤ በጎቹን አዝዣለሁ!»

«ሸምሱ፣ ቦታው ይቀየር።»

«ምነው? ጎርፍ መጣ?»

«የለም። ወፎች እንቁላል ጥለውበታል።»

ሸምሱ ከወዲያ ሳቀ። «ጋሼ፣ ለወፍ ብለን ሠላሳ መኪና እንመልስ? ሰው ምን ይለኛል? ወፎቹ የሚጠበሱ መስሎት ቢመጣስ?»

«ሳቅ፤ እኔም ጠዋት ስስቅ ነበር። ዛሬ ዘጠኝ ጎጆ ፈጅቼ ነው የምደውልልህ። የሠራሁትን ለሰው ሁሉ ንገር። አልደብቀውም።»

ሳቁ ቆመ። «ቆይ ጋሼ፣ እሱ ጭቃ ግን ለኛ ምን ያደርግልናል?»

«እህትህ ሂውስተን አይደለችም? ቤቷ ውሃ የገባው እስከ ምን ድረስ ነበር?»

«እስከ መስኮቱ።»

«እንግዲህ ያንን ውሃ ባሕር ዳር ላይ የሚይዘው እሱ ጭቃ ነው። ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽ የባሕር ፍጥረትም የሚያድገው እዚያ ነው።»

«እኛ ቤት ሽሪምፕ አይገባም፣ ጋሼ።»

«ዓሣስ?»

«ዓሣማ እንበላለን።»

«ዓሣው ሽሪምፑን ይበላል። ልጄ፣ ከአቅሜ በላይ አታስለፍፈኝ። አንድ ጊዜ ጭቃ ነው ብዬ መንደር አፍርሻለሁ። ሁለተኛውን አታሠራኝ።»

«ኦኬ» አለ ሸምሱ በመጨረሻ። «ጆ ፑል ሐይቅ፣ ሳሩ ያለበት መናፈሻ ይሁን። ለሰዉ ግን እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚያስረዱት። እኔ ወፍ ምናምን ብዬ መሣቂያ አልሆንም።»

«እኔ ነኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ ለሩሐማ፣ «አሁን ደግሞ ስለ እንቁላሏ ለአለቆችሽ ጻፊ። ስሜን አሟልተሽ ጻፊ» አሏት። ጻፈች። የሕግ ሰዎች ጠርተው ጠየቋቸው፤ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ለቀቋቸው።

ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሰማንያ ሰው ተቀምጦ አቶ መኳንንት ተነሥተው ተናገሩ። ያደረጉትን ሳያሳጥሩ ነገሩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንድ ጎረምሳም «ወንጭፉን ይዘዋል ወይ?» ብሎ ጮኸ። የዚያችን ከቅርፊት ያልወጣች ወፍ ነገር ሲያነሡ ግን ሳቁ ጠፋ። ከዚያ ምክራቸውን ሰጡ፦ ባሕር ዳር ስትሄዱ መኪናችሁን ከሜዳው አርቃችሁ አቁሙ። ውሻችሁን እሰሩ። ልጆቻችሁ ወፍ መንጋ ውስጥ እየሮጡ ሲያስነሡ ፎቶ አታንሡ፤ ከልክሏቸው። ክንፏ የተሰበረ መስላ የምትጎተት ወፍ ካያችሁ ቁሙ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ። ይህን ብታደርጉ ዓሣችሁ አይጠፋም፤ ማዕበል ሲነሣ የወገኖቻችሁ ቤት ጋሻ ይኖረዋል፤ ልጆቻችሁም እነዚህን ወፎች በሥዕል ብቻ አያውቋቸውም። «እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት» አሉ፤ «እናንተ ግን አልዘገያችሁም» ብለው ተቀመጡ።

ልጆቼ፣ ሁሉም ደህና ሆነ ብላችሁ እንዳትደሰቱብኝ። ከአምስቱ ጎጆዎች ሁለቱን በሰኔ ማዕበል ወሰዳቸው። አንዱን ገመዱን አልፎ የገባ ሌላ ሰው መኪና ረገጠው። ከቀሩት ሁለት ጎጆዎች አራት ጫጩት ተፈለፈለ፤ ለመብረር የበቁት ሁለት ናቸው።

ዘንድሮ በሚያዝያ እኔም አብሬያቸው ወርጄ ነበር። አቶ መኳንንት አሁን በየሳምንቱ ይሄዳሉ። ጀርባቸውን ለአሸዋው፣ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ሌላው ጫፍ ላይ ጥቂት ወፎች ጥለዋል። እሳቸው ባሉበት በኩል ግን፣ ባለፈው ዓመት ወንጭፋቸው በጮኸበት፣ አንዲትም አልተመለሰችም።

አንድ የኛው አገር ሰው ከነቤተሰቡ መኪናውን አቁሞ ወረደና ገመዱን አሻግሮ አየ።

«አባቴ፣ ባዶ አሸዋ ነው እኮ» አላቸው። «ምን ሊጠብቁ ተቀመጡ?»

«ቦታ ይዤላቸው ነው» አሉ አቶ መኳንንት። «በመንገዱ በኩል ዙርልኝ፣ ልጄ።»

ሰውየው መኪናውን አስነሥቶ ዞረ።